ለተወዛዋዥነት ሥራ ፈተና መዘጋጀት፦ ከአዲስ አበባ ዳር ለሚነሱ

ለውዝዋዜ ሥራ የሚፈተን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው በደንብ የሚችለውን አንድ ጭፈራ አሳምሮ ለማሳየት ነው። ፈታኙ ግን ያንን ጭፈራ አንዳንዴ ለግማሽ ደቂቃ እንኳ አያየውም። ዓይኑ ያለው ሌላ ነገር ላይ ነው፦ ከበሮው ሲጀምር መቼ ትገባላችሁ? ሲቆረጥ እንዴት ትቆማላችሁ? ዘፈኑ ከጎጃም ወደ ጉራጌ ሲዞር ስንት ምት ይፈጅባችኋል? ከጎናችሁ ያለውን ሰው እያያችሁ ነው ወይስ ብቻችሁን ነው የምትጨፍሩት? ጎበዝ የሚባሉ ልጆች ወድቀው መካከለኛ የሚመስሉት የሚያልፉት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ በሙሉ ከበሮ ሰምቶ መግባት፣ መቁረጥና መቀየር ላይ መቆም አለበት።

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከየካ አባዶ ወይም ከጀሞ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። መለማመጃው ሲሚንቶ ወለል ነው፤ ታች ያለው ጎረቤት አለ፤ ታክሲው ሩቅ ነው፤ ሥራው ቢገኝ እንኳ ማታ መመለሻው ያስቸግራል። እነዚህንም በየቦታቸው እናነሳቸዋለን።

የምትፈተኑበትን ቤት ቀድሞ መለየት

ባህላዊ ምግብ ቤት የሚፈልገው ብዙ ጭፈራ የሚችል ሰው ነው። በአንድ ምሽት የሰሜኑም፣ የደቡቡም፣ የምሥራቁም ይቀርባል። ቢያንስ ስድስት ወይም ሰባት ጭፈራ ሳይንገራገጭ መጀመር የሚችል ሰው ሁለቱን እጅግ አሳምሮ ከሚጨፍር ይልቅ ይፈለጋል። ከፈተናው በፊት ቤቱ በቲክቶክና በቴሌግራም የለቀቃቸውን ቪዲዮዎች እዩ። ስንት ሴት ስንት ወንድ እንደሚወጣ፣ መድረኩ ምን ያህል ስፋት እንዳለው፣ ከየትኛው ጭፈራ በኋላ የትኛው እንደሚመጣ በወረቀት ጻፉ። ቅደም ተከተሉን የያዘ ተፈታኝ ግማሹን ፈተና እቤቱ ተቀምጦ ጨርሷል ማለት ነው።

ቴአትር ቤቶችና የመንግሥት የኪነት ቡድኖች በማስታወቂያ ነው የሚቀጥሩት፤ ወረቀት ይበዛዋል። የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ፦ ከግል ድርጅት የተጻፈ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተገለጸ ብዙ ጊዜ አይያዝም። ደብዳቤውን ለማግኘት ከቀድሞ ቀጣሪ ዘንድ መመላለስ ስላለ ማስታወቂያው እስኪወጣ አትጠብቁ። የቃል ጥያቄም ይኖራል። አራቱን ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ) ስማቸውን ከመሸምደድ አልፋችሁ በጆሮ ለዩ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. እንደተመሠረተ፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. እንደተከፈተ ማወቅም አይጎዳም። ከምትጨፍሩት ውስጥ ቢያንስ የሁለቱን ጭፈራ ዐውድ፣ ማለትም መቼ፣ የት፣ ማን እንደሚጨፍረው በአምስት በስድስት ዓረፍተ ነገር መናገር ቻሉ። የሲዳማን ቄጣላ እጨፍራለሁ ያለ ሰው ከፍቼ ጫምባላላ በዓል ጋር ያለውን ግንኙነት ካላወቀ ፈታኙ ቪዲዮ አይቶ ብቻ የመጣ ነው ብሎ ይደመድማል።

የክሊፕ ሥራ ፈጣን ነው። ኮሪዮግራፈሩ (ጭፈራውን የሚያቀናብረው ሰው) በስምንት ቆጠራ ስቴፕ ያሳያል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደግመዋል፣ ከዚያ ካሜራ ያበራል። ቶሎ የያዘ ያልፋል።

የከበሮው ልምምድ

ከሁለት ሳምንት ያላነሰ ጊዜ ያዙ። በየቀኑ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ግን አንዱንም ቀን አትዝለሉ።

ስልክ ላይ የተለያየ አካባቢ ስምንት ዘፈን አዘጋጁ። ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ትግርኛ፣ ጉራጌ፣ የሸዋ ኦሮሞ ረገዳ፣ የሐረርጌ ሸጎዬ፣ ወላይታ ይሁኑ። ስልኩን ለጓደኛ ወይም ለእህት ለወንድም ስጡና ሳይነግሯችሁ በየሃያውና በየአርባው ሰኮንድ ይቀይሩት። የእናንተ ሥራ አለመቆም ነው።

ሲቀየር ወዲያው እግር ማንሳት ትልቁ ስህተት ነው። ጆሮ ሳይሰማ እግር ከቀደመ ግማሽ ምት ወደ ኋላ ትቀራላችሁ፤ ከዚያ ዘፈኑን ሙሉ ስታባርሩ ትውላላችሁ። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ዘፈኑ ሲዞር ጉልበታችሁን አላልታችሁ በጉልበት ብቻ ምቱን ያዙ። ከበሮው ሁለት ድምፅ አለው፤ ከሰፊው አፍ የሚወጣው ወፍራሙ «ድም» እና ከጠባቡ የሚወጣው ቀጭኑ «ጣ» ነው። ወፍራሙን ሁለት ጊዜ ስሙ፤ በሦስተኛው ግቡ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ቆይታ ዝግጁነት ይመስላል እንጂ መጥፋት አይመስልም።

የእስክስታው ምት በስድስት ይቆጠራል፤ ክብደቱ የሚወድቀው አንድና አራት ላይ ነው። «አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት» እያላችሁ በመጀመሪያ በጭብጨባ፣ ቀጥሎ በትከሻ ሞክሩት። ትከሻ ሲታሰር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ትንፋሽ መያዝ ነው። የድሮ ጨፋሪዎች በጥርሳቸው መሃል «እስ፣ እስ» የሚሉት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አየሩ ሲወጣ ደረት ይለቃል፣ ትከሻም ይፈታል። አንድ ፍተሻ አለ፤ ጀርባችሁንና የራሳችሁን ኋላ ግድግዳ አስነክታችሁ ቁሙና በዝግታ ትከሻ ብቻ አንቀሳቅሱ። ጭንቅላታችሁ ግድግዳውን የሚያንኳኳ ከሆነ ትከሻው የሚሠራውን አንገት እየሠራላችሁ ነው። በየቀኑ ለሁለት ደቂቃ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሥሩት። በማግስቱ አንገቱን ይዞ የሚውል ተወዛዋዥ ይህን ያልሠራ ነው።

ፈጣን ለሆነው ለጉራጌ ዩቲዩብ ላይ ፍጥነቱን 0.75 አድርጋችሁ ጀምሩ። ሦስት ቀን በዚያ፣ ከዚያ በትክክለኛው ፍጥነት፣ የመጨረሻዎቹን ቀናት ደግሞ በ1.25 ሥሩ። መድረክ ላይ በእጅ የሚመታ ከበሮ እየሞቀ ሲሄድ ይፈጥናል፤ በስልክ ፍጥነት ብቻ የተለማመደ ሰው ያኔ እግሩ ይጠላለፋል። በእግር ጣቶቻችሁ ግንድ አርፉ፤ በተረከዝ የሚያርፍ ሰው ድምፁ ከከበሮው ጋር ይጣላል፣ ጉልበቱም ይጎዳል።

ሌላው ቶሎ የሚያስጥለው ማደባለቅ ነው። በትግርኛ ምት የጎጃም ትከሻ የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው። ትግርኛው በክብ ሲዞር እርምጃው ለስላሳና የተጎተተ ነው፤ ከበሮው ሲፈጥን ቆም ብሎ ጉልበት ዝቅ አድርጎ ትከሻ ማጥበቅ ይመጣል። ያንን ሽግግር ያልያዘ ሰው ክቡን ይበጥሳል። ወላይታ ላይ ጉልበት ከደረቀ ወገቡ በግድ የሚነቃነቅ ይመስላል፤ መጀመሪያ ጉልበት ይፈታ፣ ወገብ ራሱ ይከተላል። ሸጎዬን ደግሞ ብዙዎች ያፈጥኑታል። ዝግ ማለት ለወጣት ተወዛዋዥ ከመዝለል ይከብዳል፤ ግን ብስለት የሚለካው እዚያ ነው።

አቋቋምንም ተለማመዱ። ጓደኛችሁ ድንገት ድምፁን ሲያጠፋ በመጨረሻው ምት ላይ ቀጥ በሉ፤ እግር በትከሻ ስፋት፣ ትንፋሽ በአፍንጫ፣ ሦስት ሰኮንድ። ዘፈኑ እንዳለቀ ላብ መጥረግ፣ ቀሚስ መጎተት፣ «ውይ» ማለት ጥሩውን ጭፈራ ያደበዝዘዋል።

በሁለተኛው ሳምንት ልብስ መቀየር ይጨመር። ሦስት ዘፈን እያንዳንዱን አምስት ደቂቃ ጨፍሩ፤ በመሃል ያለው ጊዜ የልብስ መቀየሪያ ብቻ ይሁን። ከሥር ጥቁር ታይትና ጠባብ ቶፕ ልበሱ። ልብሶቹን ወንበር ላይ በተገላቢጦሽ ደርድሩ፤ መጨረሻ የሚለበሰው ከታች፣ መጀመሪያ የሚለበሰው ከላይ ይሁን። መቀነት ቀድሞ ተጠቅልሎ፣ መርፌ ቁልፍ ቀድሞ ነጠላው ላይ ተሰክቶ ይጠብቅ። ግባችሁ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ባትችሉም ደንግጣችሁ አትውጡ፤ መቀነት ሳይጠብቅ የወጣ ሰው ጭፈራውን ትቶ ልብሱን ሲያስብ ይታወቅበታል።

ወለሉና አካሉ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለው ሲሚንቶና ሴራሚክ የሰውነትን ክብደት አይቀበልም፤ ወደ ቅልጥም ይመልሰዋል። በሳምንቱ መጨረሻ የቅልጥም ፊት ማመም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዝላይና የእግር ጭፈራ ቤት ውስጥ አትሥሩ። ግቢ ውስጥ ያለውን የጋራ ሕንፃ ኮሚቴውን አስፈቅዳችሁ በማለዳ መጠቀም ይቻላል፤ ለቅሶ ወይም ሰርግ ካለ ግን ያ ቀን የእናንተ አይደለም፤ ለትከሻና ለአንገት ሥራ ቤት ተመለሱ። ሣር ሜዳ ጥሩ ነው፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ። ሌላ ካልተገኘ ወፍራም ምንጣፍ በሁለት አጥፉ፤ ግን የሚንሸራተት ከሆነ ከሲሚንቶው የባሰ አደጋ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል።

ከመጀመራችሁ በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ አሟሙቁ። ቀለል ያለ ሩጫ ወይም ገመድ፣ ቁርጭምጭሚት ማዞር፣ ባት መሳብ፣ ትከሻ በሰፊው ማዞር። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ልምምዱን በግማሽ ቀንሱ። ዋዜማው ላይ ጭፈራዎቹን ለሃያ ደቂቃ በእርምጃ ብቻ ደጋግማችሁ ተኙ። በመጨረሻው ቀን ሦስት ሰዓት ለፍቶ በደነደነ ባት የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ አለ።

ቪዲዮ ላኩ ከተባለ

ብዙ ቤት አሁን በቴሌግራም አስቀድሞ ቪዲዮ ያስልካል። ስልኩን አግድም አድርጋችሁ በወገብ ከፍታ አስቀምጡና ከሦስት እስከ አራት ሜትር ራቁ። እግር መታየት አለበት፤ እግር የተቆረጠበት ቪዲዮ ሳይታይ ይታለፋል። ፊታችሁን ወደ ብርሃን አዙሩ፤ መስኮት ከኋላ ካለ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። አንድ ተኩል ደቂቃ በቂ ነው፤ ሦስት የተለያየ ጭፈራ፣ ያልተቆራረጠ፣ ማሳመሪያ ያልተጨመረበት። የቲክቶክ ፊልተር ያለበትን ቪዲዮ ፈታኞች አያምኑትም፣ ልክም ናቸው።

የፈተናው ቀን

ፈተናው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳ ሰው 12 ሰዓት ሳይሞላ የታክሲ ወረፋ ላይ ይገኝ፤ ሰኞ ከሆነ ከዚያም ቀደም ብሎ። መሃል ከተማ ዘመድ ካለ ማደሩ ይሻላል። በሚኒባስ ተጣቦ የሚመጣ ሰው ሜካፑ ይፈሳል፣ ሹሩባው ይበላሻል፤ ሜካፕ እዚያው ደርሳችሁ ተቀቡ። በክረምት የመጨፈሪያ ጫማችሁን በፌስታል ይዛችሁ በሌላ ጫማ ሂዱ፤ ጭቃ የነካው ጫማ መድረክ ላይ ያንሸራትታል።

ምግብ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ይበላ። በሶ ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ሆድ ሳይከብድ ጉልበት ይሰጣል። ሙዝና ቆሎ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎ፣ ብዙ በርበሬ ያለበት ወጥ ከፈተና በኋላ። በጾም ወቅት እስከ ቀን የምትቆዩ ከሆነ ማታውን ጥሩ ገንፎ ወይም ሽሮ በልታችሁ፣ ውሃ ቀስ በቀስ እስክትተኙ ጠጡ፤ ሮመዳን ላይ ያለ ሰውም ሱሁሩን አይዝለል። ራስ የሚያዞር ስሜት ከመጣ ዝላዩን ትታችሁ ተቀመጡ፤ ለፈታኙ መናገር ነውር የለውም።

ቦርሳ ውስጥ፦ ሁለት ቅያሪ ቶፕ፣ ፎጣ፣ ነጠላ፣ መቀነት፣ አሥር ያህል መርፌ ቁልፍ፣ የፀጉር ማሰሪያ፣ የቁርጭምጭሚት ፋሻ፣ ውሃ፣ መታወቂያ ከነኮፒው፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ። ወንዶች ዱላና ጭራ ካላችሁ ያዙ፤ በተውሶ ዱላ መጨፈር እጅን ያደናግራል።

ወረፋው ረጅም ሊሆን ይችላል። ደርሳችሁ ያሟሟቃችሁት ሰውነት ግማሽ ሰዓት ከተቀመጣችሁ ይቀዘቅዛል፤ ከእናንተ በፊት አምስት ሰው ሲቀር እንደገና አሟሙቁ። እስከዚያ ቱታና ጋቢ ደርቡ።

ፈታኙ ፊት

ስትጠሩ ስማችሁንና የመጣችሁበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራችሁ ቁሙ። ከበሮ መቺው በአካል ካለ ጭንቅላታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ሰላም በሉት፤ ፈተናውን የሚያቀልላችሁም የሚያከብድባችሁም እሱ ነው። ዓይናችሁ እሱን አልፎ አልፎ ይፈልገው፤ ሊቆርጥ ሲል እጁ ከፍ ይላል፣ ያንን ያየ ሰው ሳይቀድም ሳይዘገይ ይቆማል።

የማታውቁት ጭፈራ ከመጣ «አልችልም» ብላችሁ አትውረዱ። ምቱን በጉልበት ያዙ፣ ከጎናችሁ ያለውን እዩ፣ ቀላሉን እርምጃ ብቻ ውሰዱ። ያልቻሉትን ነገር በሌላ ብሔረሰብ ጭፈራ መሸፈን ግን ለዚያ ሕዝብም ለሙያውም ንቀት ነው፤ የሚያውቅ ፈታኝ አይምራችሁም።

በቡድን ሲያሰልፏችሁ ፊት ለፊት ለመውጣት አትሻሙ። ክንድ ያህል ርቀት ጠብቁ፤ መስመሩ ከታጠፈ ቀድማችሁ አስተካክሉ። ይህን ሳይታዘዝ የሚያደርግ ሰው ከፈታኙ ዓይን አይጠፋም።

ባህላዊ ምግብ ቤት ከሆነ ደግሞ ፈታኙ ወንበር ላይ ተቀምጦ «እኔ እንግዳ ነኝ፣ አስነሳኝ» ሊል ይችላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ዘለው ፊቱ ይደርሳሉ፤ እንግዳ የሚሸሸው እንዲህ ሲመጡበት ነው። ከሁለት እርምጃ ርቀት በለሰለሰ ትከሻ ጀምሩ፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ አንድ ስምንት ቆጠራ ጠብቁ። ከተነሳ በእሱ አቅም ልክ ጨፍሩ፤ ትከሻ ሲያቅተው ጭብጨባ ስጡት። እንቢ ካለ ፈገግ ብላችሁ እጅ ነስታችሁ ወደ ሌላው ጠረጴዛ እለፉ። አትጎትቱት፤ ልብሱንም አትንኩ።

ጥያቄና መልስ

የሚጠየቀው አጭር ነው፦ ስንት ጭፈራ ትችላላችሁ፣ የት ሠርታችኋል፣ ለምን ለቀቃችሁ፣ ማታ መሥራት ትችላላችሁ ወይ፣ የት ነው የምትኖሩት። የመጨረሻው ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ሩቅ የሚኖር ሰው ይዘገያል የሚል ስጋት አለባቸው። ሰፈራችሁን አትደብቁ፤ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት ተነስታችሁ እንደምትደርሱ ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩ። የቀድሞ ቤታችሁን አታሙ፤ «ክፍያው አልተስማማኝም» ወይም «ሌላ ጭፈራ መማር ፈለግሁ» ይበቃል። የምትችሉትን ብዛት አታጋንኑ፤ አሥር ካላችሁ አሥሩንም ያስጀምሯችኋል።

ለደህንነታችሁ ይህን ያዙ። ፈተና በቀን፣ በመድረክ ወይም በመለማመጃ አዳራሽ፣ ሌላ ሰው ባለበት ነው የሚሰጠው። በማታ፣ በሆቴል ክፍል ወይም በግለሰብ ቤት ኑ የሚል ጥሪ ሲመጣ አትሂዱ። ቁመት ሊለካ ይችላል፤ ልብስ ማውለቅ ግን የፈተና አካል አይደለም። የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም ለውጭ አገር ሥራ ነው ብሎ ፓስፖርት የሚሰበስብ ካለ ተመለሱ።

ካለፋችሁ

ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛው ሽልማቱ ነው፤ እንግዳ ግንባር ላይ የሚለጥፈው ብር የተለጠፈበት ሰው የራሱ ነው ወይስ ለቡድኑ ተሰብስቦ ይከፋፈላል? ከሁሉ በላይ ቡድን የሚያጣላው ይህ ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ቢነሳ ይሻላል። ሁለተኛው ልብስ ነው፤ ማን ይገዛል፣ ማን ያጥባል፣ ሲቀደድ ከማን ይቆረጣል?

ሦስተኛው ሰዓቱና ክፍያው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ከሰባ አምስት ተባዝቶ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ ሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። ለተወዛዋዥ ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ መድረኩ የሚደምቀው በእነዚያው በዓላት ነው። የልምምድ ሰዓትም ሥራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ሳምንቱን ሙሉ ከሰዓት አስለምዶ የምሽቱን ብቻ የሚቆጥር ቤት አለ።

ከተማው ዳር ለምትኖሩ ደግሞ ሰርቪሱ ራሱን የቻለ ነጥብ ነው። «ትራንስፖርት አለ» የሚለው ቃል አይበቃም። ሰርቪሱ እስከ ሜክሲኮ ወይም እስከ መገናኛ ብቻ ከሆነ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ከራሳችሁ ኪስ ከፍላችሁ በራይድ ወይም በፈረስ ታክሲ ትሄዳላችሁ፤ በወር ሲደመር ከደመወዙ ትልቅ ድርሻ ይበላል። የምትወርዱበት ቦታ ስም ውሉ ውስጥ ይጻፍ፣ «እስከ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ» ተብሎ። ሰርቪስ የሌለው ቤት ከሆነ የሌሊት ታክሲ ሂሳቡን አስልታችሁ በደመወዙ ላይ ተነጋገሩ። ውሉን በሁለት ቅጂ አስፈርሙ፣ አንዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመውጣታችሁ በፊት የሾፌሩን ስልክ ቁጥር ተቀበሉ።